የትኛው ይሰበር?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ልጆች ቋንቋና ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣላችሁ የአመልካች ጣት ርዝመት ስላላት አንዲት ዘንግ ነው። ይህች ዘንግ በልጆች የሪሞት መኪና ሆድ ውስጥ ሆና የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ ታደርሳለች፤ ድራይቭ ሻፍት ይሏታል። «ምነው፣ ሌላ ርዕስ አጣህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ዐሥራዎቹ ውስጥ የገባ ልጅ ያለው፣ በተለይም በአፈርና በድንጋይ ላይ የምትሮጠውን ዓይነት የሪሞት መኪና ለልጁ የገዛ ወላጅ፣ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ከኪስም ከቤት ሰላምም ጋር እንደሚገናኝ ያውቃል። እስቲ አብረን እንየው።

እኔ ኑሮዬን የምመራው በታክሲ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ጠመኔውን ካስቀመጥኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ተሳፋሪዎቼም ስለ አየሩና ስለ መንገዱ መጨናነቅ እንጂ ስለ ማዕዘንና ስለ ፍጥነት ጠይቀውኝ አያውቁም። ማታ እሠራለሁ፤ ልጄ ቀን ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም ከሁለት ቃል አይበልጥም። ብዙዎቻችሁ ይህን ኑሮ ስለምታውቁት አላረዝመውም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ከተማ ዳር ባለ የአፈር መሮጫ ቦታ እሑድ እሑድ መወዳደር ጀመረ። መኪናው የእውነተኛ መኪና አንድ ዐሥረኛ የምታህል፣ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትነዳ፣ ከሌላ ልጅ በርካሽ የተገዛች ናት። አንድ እሑድ ከጉብታ ላይ ዘላ ስትወርድ የኋላ ሻፍቷ ከቦታው ወጥቶ አፈር ውስጥ ገባ። ቤት እንደደረስን ልጄ ሙሉ የብረት ሻፍት ስብስብ በኮምፒውተር አሳየኝ፤ ዋጋው የእኔን የአንድ ሌሊት ገቢ ይውጣል። «አባዬ፣ ይኼ አይሰበርም» አለኝ። እኔም «እሺ፤ ከመግዛታችን በፊት ግን መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ እናውጣት» አልኩት። አሁን የምነግራችሁ አብዛኛው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ነው።

መጀመሪያ የሻፍት ሥራ ምን እንደሆነ እንረዳ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከመኪናዋ ወለል ጋር በብሎን ታስረዋል፤ አይነቃነቁም። ጎማው ግን በክንዱና በአሞርዛተሩ ተይዞ በየጉብታው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ ሻፍቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ያዞራል። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ይታጠፋል። ሦስተኛ፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ በዲፈረንሻሉና በጎማው መካከል ያለው ርቀት ስለሚለዋወጥ፣ ሻፍቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተት ወይም ራሱ መርዘምና ማጠር አለበት። ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ሁሉ የሚለያዩት እነዚህን ሦስት ሥራዎች በሚፈጽሙበት መንገድ ነው።

እየታጠፈ የሚዞር ዘንግ ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ ስሙን ለመጋጠሚያው ትቶለታል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ደግሞ፣ ያ የስፕሪንግ ሕጉን ለተማሪዎቼ ሳስተምርለት የኖርኩት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ ስለዚሁ መጋጠሚያ ገልጿል። አገር ቤት ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው ይህንኑ ነገር ክሮቼራ በሚለው ስሙ ያውቀዋል፤ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች ብረት ሁለት ሹካዎችን ስታያይዝ ማለት ነው።

ክሮቼራ አንድ ጠባይ አላት። ቀጥ ብላ ስትዞር የገባው ፍጥነት እንዳለ ይወጣል። ስትታጠፍ ግን፣ ወደ እሷ የሚገባው ዘንግ እኩል ፍጥነት ይዞ ቢዞርም፣ ከእሷ የሚወጣው ዘንግ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። መጠኑን ማወቅ ለሚፈልግ እነሆ፦ የሚገባው ፍጥነት 100 ቢሆን፣ በ10 ዲግሪ መታጠፍ የሚወጣው ከ98.5 እስከ 101.5 ይዋልላል፤ ይህ ከቁጥር አይገባም። በ20 ዲግሪ ከ94 እስከ 106 ይሆናል። በ30 ዲግሪ ደግሞ ከ87 እስከ 115 ይደርሳል። ማዕዘኑ ሦስት እጥፍ ሲያድግ መዋለሉ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማደጉን ልብ በሉ።

መድኃኒቱም ከዚሁ ከበሽታው ይወጣል። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት መጋጠሚያዎች ካሉ፣ ሁለቱም እኩል ከታጠፉና ሹካዎቻቸው በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ፣ አንደኛው ያዛባውን ሌላኛው ያርመዋል፤ ለጎማው የሚደርሰው ዙር እኩል ይሆናል። የኋላ ጎማ ይህ ዕድል አለው፤ በመሪ ስለማይዞር የውስጡና የውጩ ማዕዘን ይቀራረባሉ። የፊት ጎማ ግን መሪው ሲዞር የውጩ ማዕዘን ብቻውን ያድጋል፤ የሚያርመውም የለም። አራቱም ጎማዋ የሚነዳ ትንሽ መኪና በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየሄደች ብትታጠፍ፣ 84 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማዋ በሰከንድ ወደ 19 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ያ ማፍጠንና ማዘግየት በሰከንድ ወደ 38 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ልጁ «ስትታጠፍ ትንቀጠቀጣለች» ሲላችሁ የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ከእናንተ መካከል ታክሲ የምትነዱ ደግሞ የዚህን ነገር ሌላ መፍትሔ በየቀኑ ትነዱታላችሁ። በፊት ጎማ የሚነዱት የዛሬ መኪናዎች ብዙዎቹ በጎማው በኩል ያላቸው መጋጠሚያ በ1920ዎቹ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ የፈለሰፈው ዓይነት ነው፤ ስድስት የብረት ኳሶች በጎድጓዳ መስመር እየተንሸራተቱ ፍጥነቱን ሳያዛቡ ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ ይህን ዓይነት መጋጠሚያ ይዛ ነው በየመንገዱ የታየችው። ላስቲኩ ተቀዶ አሸዋ ሲገባበት፣ ፓርኪንግ ውስጥ መሪ ጥምዝዝ አድርገን ስንወጣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ የማያውቅ የታክሲ ሰው የለም። በሪሞት መኪና ላይ ግን በአብዛኛው የምናገኘው በፒንና በመስቀል የሚሠሩትን ነው፤ ምርጫችንም ከእነዚያ መካከል ነው። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛው ዶግቦን ይባላል። ትርጉሙ የውሻ አጥንት ማለት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ አጥንት ስላበጡ የወጣለት ስም ነው። በየጫፉ ኳስ አለ፤ በኳሱ ውስጥ አንዲት ፒን አግድም አልፋለች። ኳሱ ስንጥቅ ባለው ትንሽ ኩባያ ውስጥ ይገባል፣ ፒኗ በስንጥቁ ትያዛለች። አንዱ ኩባያ ዲፈረንሻሉ ላይ፣ ሌላው ጎማው ላይ ነው። ርካሽ ነው፣ ዕቃው ጥቂት ነው፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንደልቡ ይንሸራተታል። ጉድለቱ ማንም የሚይዘው አለመኖሩ ነው፤ ጎማው ከመጠን በላይ ከተንጠለጠለ ወይም ክንዱ በግጭት ከተጣመመ ውልቅ ይላል። ፒኗም ስንጥቁን እየፋቀች ታሰፋዋለች።

ሁለተኛው ሲ.ቪ.ዲ. የሚባለው ነው። ስሙን ያወጣው ኤም.አይ.ፒ. የተባለ የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ሲሆን ሌሎች አምራቾች በየራሳቸው ስም ይጠሩታል። በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ጫፍ እንደ ዶግቦን ነው፤ በጎማው በኩል ያለው ግን ከአክስሉ ጋር በፒንና በትንሽ በርሜል መሰል ብረት ተቆልፏል፤ ይህን ሁሉ የሚይዘው የሩዝ ፍሬ የምታህል ራስ የሌላት ብሎን ናት። በጎማው በኩል አይወጣም፣ ልቅነቱ ትንሽ ነው፣ ከዶግቦን ለስልሶ ይዞራል። ስሙ «እኩል ፍጥነት» ይበል እንጂ አሠራሩ ሲመረመር ያው የሁክ መጋጠሚያ ነው፤ ከላይ የሰጠኋችሁ ቁጥሮች ለእሱም ይሠራሉ። የሚያወጣን ስሙ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው።

ሦስተኛው ድርብ ክሮቼራ ነው። በጎማው በኩል ሁለት መስቀሎች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ 30 ዲግሪውን 15፣ 15 አድርገው ይካፈሉታል፣ አንዱ ያዛባውንም ሌላው ያርመዋል። አራቱም ጎማዋ ለሚነዳ መኪና ፊት ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ የሚላሉ ብሎኖቹና የሚያልቁ ፒኖቹ እጥፍ ናቸው። በኋላ ጎማ ላይ ይህን መግጠም አባቶቻችን እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አራተኛው ተንሸራታቹ ሻፍት ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደወጣው እንደ ትራክሳስ ስላሽ ባሉ ትራኮች ላይ ከፕላስቲክ ተሠርቶ ይመጣል። ጎማው ብዙ ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና ይስማማል፣ ውልቅ አይልም፣ ፕላስቲኩም ግጭትን በመጠኑ ይውጣል። ኃይለኛ ሞተር ሲገጠም ግን ይጠመዘዛል ወይም ሹካው ይሰነጠቃል። ይህን ዓይነት ስትገጥሙ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ሁለቱን ቱቦዎች ስታጋቡ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ አለባቸው። አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ ከገባ፣ መተራረሙ ቀርቶ መዛባቱ ይደመራል፤ ሰው ከዚያ በኋላ ኩሽኔታ ሲለውጥ ይከርማል።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው። መኪናዋን ከፍ አድርገን የኋላ ጎማዎቿን አንጠለጠልናቸው። ልጄን «ጎማውን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙርና ፒኗን እያት» አልኩት። ጎማው እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል፣ በዲፈረንሻሉ በኩል ያለችው ፒን ከኩባያው አፍ ጫፍ ላይ ደርሳ ልትወድቅ ነበር። ልጄ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ሊገዛ ያሰበውን የሲ.ቪ.ዲ. ሥዕል አሳየኝና «ይኼም እኮ በውስጥ በኩል እንደዚሁ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ያ ውድ ሻፍት ቢገጠምም በዚያው በኩል፣ በዚያው ምክንያት ይወጣ ነበር። ችግሩ ያለው ሻፍቱ ላይ ሳይሆን ጎማው በሚንጠለጠልበት መጠን ላይ ነበር። አሞርዛተሮቹን ፈትተን ከፒስተኑ ሥር ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች አስገባን፤ ከዚያ በኋላ ጎማው የሚወርደው ፒኗ ደኅና እስከምትሆንበት ድረስ ብቻ ሆነ። የጠፋውን ዶግቦን በሌላ ዶግቦን ተካን። ያወጣነው ገንዘብ ከአንድ ቡናና ከአንድ ሳንድዊች አይበልጥም። እስከ ውድድሩ ወራት መጨረሻ ድረስ ሻፍቱ አልወጣም።

እዚህ ላይ የጽሑፌን ዋና ነገር ልናገር። ሰው ሻፍት ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው «የማይሰበረው የቱ ነው?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለብን «መሰበር ካልቀረ የትኛው ይሰበር?» ብለን ነው። መኪናዋ ከጉብታ ላይ ዘላ፣ ጎማዋ በአየር ላይ በሙሉ ኃይል እየዞረ መሬት ስትነካ፣ ጎማው ባንድ ጊዜ ይያዛል፤ ሞተሩ ግን ገና መዞር ይፈልጋል። ያ ኃይል የግድ አንድ ቦታ ይወጣል። ሻፍቱ ደካማ ከሆነ ሻፍቱ ላይ፣ ሻፍቱ ብርቱ ከሆነ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ደካማ ላይ ይወጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የገጠመውን ልንገራችሁ። ልጁ በሦስት ሴል፣ ማለትም በ11.1 ቮልት ባትሪ የሚነዳት ትራክ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ሻፍት ሰበረች። አባት ተናደደና ጠንካራ የብረት ሻፍት ገዛላት። በቀጣዩ እሑድ ሻፍቱ እንደ አዲስ ቆሞ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ረገፈ። ሻፍት ለመቀየር ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዲፈረንሻሉን ለማውጣት ግን የመኪናዋን ግማሽ መፍታት ነበረባቸው። መሰበሩ አልቀረም፤ ከርካሹና ከቅርቡ ዕቃ ተነሥቶ ወደ ውዱና ወደ ጥልቁ ሄደ እንጂ። ቤታችን ፊውዝ የምናስገባው ለምን ይመስላችኋል? በሁለት ዶላር ዕቃ ቤቱን ለማዳን አይደለም እንዴ?

ይህን ስል ሻፍት በየሳምንቱ ይሰበር ማለቴ አይደለም። በየሳምንቱ የሚቃጠል ፊውዝ ሌላ ቦታ በሽታ አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ካምቢዮው ላይ ስሊፐር የሚባል የሚንሸራተት ክላች አላቸው፤ ድንገተኛው ኃይል ሲመጣ ሸርተት ብሎ የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ አንድ ነት ጠበቅ ወይም ላላ በማድረግ ይስተካከላል። የባልደረባዬ ልጅ ትራክ ላይ ያ ነት እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ነበር። ሁለተኛው መድኃኒት ከነጭራሹ ገንዘብ አያስወጣም፦ ልጁ መኪናዋ መሬት ከመንካቷ በፊት ጋዙን መልቀቅ ይልመድ። ይህን የለመደ ልጅ በፕላስቲክ ሻፍት ዓመት ይነዳል።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? በበኩሌ የምከተለው እንዲህ ነው። በኋላ ጎማ ብቻ ለምትነዳ ጀማሪ መኪና፣ ባትሪዋ ሁለት ሴል ማለትም 7.4 ቮልት ከሆነ፣ ዶግቦን ይበቃል፤ መለዋወጫ አንድ ጥንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ በውድድር ገፍቶ ኩባያዎቹ ተበልተው ልቅነቱ ሲበዛ ወደ ሲ.ቪ.ዲ. ማለፍ ይገባል፤ እኛም ያደረግነው በሁለተኛው ዓመት ነው። አራቱም ጎማዋ ለሚነዳ መኪና ፊት ለፊት ቢያንስ ሲ.ቪ.ዲ.፣ አቅም ካለ ድርብ ክሮቼራ፤ ከኋላ ሲ.ቪ.ዲ.፤ ከፊት ወደ ኋላ ለሚሄደው የመካከል ዘንግ ማዕዘኑ ትንሽ ስለሆነ ዶግቦን አያሳፍርም። ጎማዋ ብዙ ለሚወጣና ለሚወርድ ትራክ ተንሸራታቹ ይስማማል። ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ ብላ ለምትወጣ መኪና ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ፍጥነት ስለሌለ መንቀጥቀጡ አያስቸግርም፣ ጎማ ሲወጠር የሚመጣው ኃይል ግን ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ ጠንካራ ብረት መግዛት ተገቢ ነው።

ስለ ክብደት የሚነገረውንም አትፍሩት። «አሉሚኒየም ይቀላል፣ መኪናዋ ትፈጥናለች» ይሏችኋል። መቅለሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የሚዞር ዕቃ ለማስነሣት የሚያስቸግረው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከመዞሪያው መሐል በራቀበት መጠን ነው፤ ርቀቱም በራሱ ተባዝቶ ነው የሚታሰበው። ከመሐል በ4 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ አንድ ግራም፣ በ40 ሚሊ ሜትር ላይ ካለው አንድ ግራም ጋር ሲነጻጸር ችግሩ አንድ መቶኛ ነው። ስለዚህ ቀጭኗን ዘንግ ከማቅለል ቀለል ያለ ጎማ መግዛት ይሻላል። አሉሚኒየሙ ደግሞ ከብረት ፈጥኖ ይጣመማል፣ ፈጥኖም ይበላል።

ርዝመት ላይም ተጠንቀቁ። ሻፍቱ ካጠረ ጎማው ሲንጠለጠል ይወጣል፤ ከረዘመ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ከኩባያው ግርጌ ጋር ይጋጭና ኩሽኔታውን ይገፋል። ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ከፒን እስከ ፒን ለኩት። ከገጠማችሁት በኋላ አሞርዛተሩን ፈትታችሁ፣ ጎማውን ከታች እስከ ላይ፣ መሪውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንቀሳቀሳችሁ በእጅ አዙሩት፤ አንድ ቦታ እንኳን ያዝ ካደረገ ሳይስተካከል አይሩጥ።

እንክብካቤውም ቀላል ነው። የሲ.ቪ.ዲ.ዋን ትንሽ ብሎን በደንብ ከዘይት አጽድታችሁ አንድ ጠብታ የብሎን ሙጫ አድርጉባት፤ ሳትደርቅም አትንዱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህች ብሎን ይመስለኛል፤ ፒኗ አፈር ላይ ከወደቀች ግን ለቃሚም አያገኛት። ግራሶ አታብዙ፤ የኩባያው አፍ ክፍት ስለሆነ አቧራውን ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ በስሱ ቀብታችሁ ከየውድድሩ በኋላ ጥረጉት። ፒኗ በአንድ ጎን ብቻ ተበልታ ስታዩ ወዲያው አትጣሏት፤ የግራውን ሻፍት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሩት። መዞሪያው ስለሚገለበጥ ያልተበላው ጎኗ ሥራ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈኝን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ብሎን ስንፈታና ስናስር ልጄ «ላላ» እና «ጠበቀ» የሚሉትን ቃላት ያዘ። አንድ ቀን «ገና» የሚለውን ቃል ጻፍኩለትና ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን አልሆነም» ማለት እንደሆነ፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን የልደት በዓል እንደሚሆን ነገርኩት። ፊደሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው በማጥበቅና በማላላት ላይ ነው። ልጁ ሳቀና «እንደ ስሊፐር» አለ። ያንን በአማርኛ ነው የመለሰልኝ። ክሮቼራ አማርኛ ነው ወይ ብሎም ጠይቆኝ ነበር፤ ከጣሊያን የመጣ ነገር ግን በእኛ ጋራዥ ያደገ ቃል ነው አልኩት። «እንደ እኔ ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ተወልዶ እናንተ ቤት ያደገ» አለኝ። በክፍል ውስጥ ብዙ ብሩህ ተማሪዎች አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ የማይሰበር ነገር ግዙልኝ ሲላችሁ «ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም» ብላችሁ አትመልሱት፤ ዝም ብላችሁም ካርዳችሁን አታውጡ። «የት ነው የሚሰበረው? ለምን እዚያ? እዚያ ባይሰበር ቀጥሎ የሚሰበረው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊዚክስ ባትማሩም ጥያቄው አይከብድም፤ መልሱንም ጎማውን በእጁ ሲያዞር ራሱ ያገኘዋል። ሌሊት ሠርተን የምናመጣት ገንዘብ ብዙ አይደለችም፣ ከልጆቻችን ጋር የምንቀመጥባት ሰዓትም እንደዚሁ። ሁለቱንም ቁጠባ በሚጠይቁበት ቦታ ላይ እናውላቸው። የማይሰበር መኪና የለም፤ በርካሹ ቦታ ተሰብራ በዐሥር ደቂቃ የምትጠገን መኪና ግን አለች።

ቸር ይግጠመን።